የቱ ከሰል ለየትኛው ምድጃ?

የድንጋይ ከሰል የሚሸጥ ሰው ስለ ዕቃው ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥቁረቱን ነው። «አየኸው? ያበራል እኮ!» ይላል። ቁራሹን አንስቶ በጣቱ ያሸዋል። ገዢውም ይነካካል፣ በእጁ ይመዝናል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚባለው ግን እዚህ ጋ አይሠራም። እኩል ከሚያበሩ ሁለት ቁራሾች የአንዱ ሙቀት የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ከሰል ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ነው። የሲሚንቶ ወይም የኖራ ፋብሪካ ግዢ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ፣ ቦይለር ላለው፣ ወይም ጓደኛው «እዚያ ሰፈር ከሰል አለ፣ ፈቃድ እናውጣ» እያለ ለሚጎተጉተው። በዜና «ይህን ያህል ሚሊዮን ቶን ክምችት አለን» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለሚገርመውም ይጠቅማል። ከሰል ስል ከመሬት የሚቆፈረውን ማለቴ ነው። ቡና የምናፈላበትን ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መሬት ውስጥ ያለ ቶን ገና ሀብት አልሆነም። ሀብቱ ምድጃው አፍ ድረስ የደረሰው ሙቀት ነው፣ ያውም ውሃው፣ አመዱና የመንገዱ ወጪ ተቀንሶ። ሌላው ደግሞ፣ ዛሬ ምርጥ ነገ ውዳቂ ከሚሆን ከሰል፣ ሁልጊዜ መካከለኛ የሆነው ይሻላል። ሁለተኛውን ብዙ ገዢዎች የሚረዱት ከከሰሩ በኋላ ነው።

የእኛ ከሰል ምን ዓይነት ነው?

ከሰል እንደ ታመቀበትና እንደ በሰለበት መጠን አራት ደረጃ አለው። ሊግናይት፣ ሰብ ቢቱሚነስ፣ ቢቱሚነስና አንትራሳይት ይባላሉ። ሊግናይት ከእንጨትነቱ ብዙም አልራቀም። ውሃ ይበዛበታል፣ ሲደርቅ ይፈረካከሳል። አንትራሳይት ከ86 በመቶ በላይ ካርቦን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ጭሱም ትንሽ ነው። የዓለም ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠው መካከል ያለው ቢቱሚነስ ነው።

የኢትዮጵያ ከሰል ወጣት ነው። በትልልቆቹ የእሳተ ገሞራ ንጣፎች መካከል በነበሩ ሐይቆችና ረግረጎች ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ ያለው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለው የሙሽ ሸለቆ ደግሞ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የደቡብ አፍሪካው ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ልዩነቱን ያዩታል። (በነገራችን ላይ ጭልጋ በከሰል ብቻ አይታወቅም። የዝሆን ቅድመ ዘመዶች ቅሪተ አካል የተገኘው እዚያው ነው። ተመራማሪዎቹን የሚያስደስታቸው ከከሰሉ ይልቅ እሱ ነው።)

ሌሎቹ ቦታዎች ደልቢና ሞዬ ጅማ አካባቢ፣ ያዩ ኢሉባቦር፣ ውጫሌ ወሎ፣ ነጆ ወለጋ፣ ከዚያ ዳውሮና ኮንታ ናቸው። አብዛኛው ሊግናይትና ሰብ ቢቱሚነስ ነው፣ አንዳንዱ ቢቱሚነስ ይደርሳል። አንትራሳይት አይፈልጉ፣ ጊዜዎን ያባክናሉ።

የእኛ ከሰል ዋና ጣጣ ዕድሜው ብቻ አይደለም። ንጣፎቹ ቀጫጭን ናቸው። በመካከላቸው ሸክላ አፈር ይገባል። ኤክስካቫተሩ ሲዝቅ ከሰሉንና አፈሩን አብሮ ያነሳል። አመዱ የሚበዛው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ስለዚህ ከአንድ ተራራ ሁለት ባለፈቃዶች የተለያየ ከሰል ሊሸጡልዎት ይችላሉ። አንደኛው አፈሩን ለይቶ ያነሳል፣ ሌላው ይቸኩላል። ሲገዙ የወረዳውን ስም ሳይሆን የቆፋሪውን ሥራ ነው የሚገዙት።

የላብራቶሪው ወረቀት

ወረቀቱ ላይ ስድስት ቁጥር ይፈልጉ። እርጥበት፣ አመድ፣ ተናኝ ጋዝ (ከሰሉ ሲሞቅ የሚወጣው)፣ ቋሚ ካርቦን (ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚነደው)፣ ድኝ እና ካሎሪ፣ ማለትም የሙቀቱ መጠን። ሻጩ በትልቁ የሚጽፈው የመጨረሻውን ነው። እርስዎ ግን መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ይህ ካሎሪ የተለካው ከሰሉ እንደደረሰ ነው ወይስ ደርቆ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ብር ያለው እዚህ ነው። አንድ ከሰል ፍጹም ደርቆ ሲለካ በኪሎ 5,200 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል እንበል። ግቢዎ ሲደርስ 20 በመቶ ውሃ አለበት። ወዲያው ወደ 4,160 ወረደ። ያ ውሃ ደግሞ ምድጃው ውስጥ ገብቶ መትነን አለበት፣ ለማትነኛውም ከሰሉ የራሱን ሙቀት ይበላል። በተግባር የሚያገኙት ወደ 4,000 ይጠጋል። ሻጩ አልዋሸም። ወረቀቱ ላይ የጻፈው እውነት ነው። እርስዎ ግን የከፈሉት ለ5,200 ነው።

በጭነት እናስበው። 30 ቶን የጫነ መኪና መጣ። 20 በመቶው ውሃ፣ 30 በመቶው አመድ ነው። 6 ቶን ውሃና 9 ቶን አመድ ማለት ነው። ከጭነቱ ግማሹ የማይነድ ነገር ነው፣ ያውም ከዳውሮ ድረስ በናፍጣ የመጣ።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ ደግሞ ዓይንዎን ይክፈቱ። መኪናው በር ላይ ይቆማል። ሸራው ይገለጣል። ላይ ላይ ያለው ከሰል በፀሐይና በንፋስ ደርቋል፣ ትልልቁ ቁራሽም ያለው እዚያ ነው። ልጁ ወጥቶ ከላይ በአካፋ ዝቆ በፌስታል ያወርድልዎታል። ያ ናሙና የመኪናውን ጣሪያ ነው የሚነግርዎት። ትክክለኛው መንገድ መኪናው ሲያራግፍ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው እየቀነሱ መውሰድ ነው። የተሰበሰበውን ይፍጩት፣ ያደባልቁት፣ ክምር ይሥሩት። ክምሩን በመስቀል አራት ቦታ ይክፈሉት። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ያስቀሩ፣ የቀረውን ይጣሉ። ጥቂት ኪሎ እስኪቀር ይድገሙት። ወዲያው በፕላስቲክ አጥብቀው ይሰሩት፣ አለዚያ እርጥበቱ ተንኖ ያልቃል። ሦስት ከረጢት ያድርጉት። አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለሻጩ፣ አንዱ ታሽጎ ለጭቅጭቅ ቀን ይቀመጥ።

ድኝ ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ከዚያ በላይ ሲሄድ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የራሱ መዘዝ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ጥሬ፣ የታጠበ ወይስ ከውጭ የመጣ?

አሁን ዋናው ምርጫ ላይ ደረስን። የኢትዮጵያ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ለዓመታት የሚያነዱት በአመዛኙ ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ከሰል ነበር። ሪቻርድስ ቤይ ወደብ ላይ ይጫናል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ከዚያ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ወደ መሀል አገር ይገባል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መንግሥት በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት አጥብቆ እየሠራበት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ዶላር የለም።

የውጭው ትልቅ ጥቅም ወጥነቱ ነው። የደቡብ አፍሪካ መለኪያ ከሰል 6,000 ኪሎ ካሎሪ ተብሎ ነው የሚሸጠው። ከዚያ ካነሰ ዋጋው ይቀነሳል። መርከቡ ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። የምድጃ ኦፕሬተሩ አንዴ አስተካክሎ ለሳምንታት አይነካውም። ድክመቱ ዋጋውን እርስዎም አገርዎም አለመወሰናችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር አውሮፓ የሩሲያን ከሰል ትታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረች። የሪቻርድስ ቤይ ዋጋ በቶን ከ300 ዶላር በላይ ወጣ። በኋላ ወርዷል፣ ግን በዚያ ዓመት በጀት የያዘ ሰው ያስታውሰዋል። እኛ ጋ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ከሰሉ ያው ከሰል ነው። በብር ግን ሌላ ዕቃ ሆነ።

ጥሬው የአገር ውስጥ ከሰል ርካሽ ነው፣ በብር ይገዛል፣ ዛሬ ስልክ ደውለው ነገ ሊጫን ይችላል። ወጥነት ግን አይጠብቁ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ የማዕድን ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። የጸጥታ ችግር ሲኖር መንገድ ይዘጋል። መኪናው አራት ቀን ከቆመ ምድጃው አይጠብቀውም።

የታጠበው በመካከል ነው። ማጠብ ስንል ሳሙና የለበትም፣ የክብደት ጨዋታ ነው። ንጹህ ከሰል ከውሃ ብዙም አይከብድም፣ 1.3 እጥፍ ገደማ ነው። ሸክላው ድንጋይ ከ2 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ክብደቱ በመካከላቸው የሆነ ፈሳሽ ውስጥ ሲጨመሩ ከሰሉ ይንሳፈፋል፣ ድንጋዩ ይሰምጣል። አመዱ ይቀንሳል፣ ካሎሪው ይጨምራል። ሁለት ነገር ግን አይርሱ። አንደኛ፣ ከገባው ቶን ብዙው ድንጋይ ሆኖ ስለሚቀር የታጠበ አንድ ቶን ዋጋው ቢወደድ አይገረሙ። ሁለተኛ፣ ሲታጠብ ይርሳል። በደንብ ሳይንጠፈጠፍ ከተጫነ አመድ ቀንሰው ውሃ ገዙ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? በቶን ዋጋ ማወዳደር ይተው። በሚሊዮን ኪሎ ካሎሪ ያወዳድሩ። የሚከተሉትን ዋጋዎች ለስሌት ብቻ ነው የወሰድኳቸው፣ የእርስዎን ይተኩባቸው።

ጥሬው ማዕድኑ በር ላይ በቶን 10,000 ብር፣ ማጓጓዣ 4,000፣ ድምር 14,000 ነው። ካሎሪው 4,000 ስለሆነ አንድ ቶን 4 ሚሊዮን ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። አንዱ ሚሊዮን 3,500 ብር ወጣ። የታጠበው 16,000፣ ማጓጓዣው ያው 4,000፣ ድምር 20,000። ካሎሪው 5,500 ነው። አንዱ ሚሊዮን 3,636 ብር። ጥሬው በትንሹ አሸነፈ።

አሁን ፋብሪካው ራቅ ይበልና ማጓጓዣው 7,000 ይሁን። ጥሬው 17,000 ለ4፣ አንዱ ሚሊዮን 4,250 ብር። የታጠበው 23,000 ለ5.5፣ 4,182 ብር። ተገለበጠ። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ድንጋይና ውሃ መጫን ያከስራል። ማዕድኑ አጠገብ ከሆኑ ጥሬ ይግዙ፣ ሩቅ ከሆኑ የታጠበ ይግዙ። ጀርመኖች ሊግናይታቸውን ሩቅ አይወስዱም፣ የኃይል ማመንጫውን ጉድጓዱ አጠገብ ነው የሠሩት። ሂሳቡ ያው ነው።

ምድጃዎ የሲሚንቶ ከሆነ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቦይለር ላይ አመድ ተጠርጎ ይጣላል። የሲሚንቶ ምድጃ ላይ ግን አይወጣም። ከክሊንከሩ፣ ማለትም ኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው ጠጠር ጋር ተዋህዶ የሲሚንቶው አካል ይሆናል። ይህ ጥሩ ዜና ይመስላል፣ ግማሹም እውነት ነው። አመድ ማስወገጃ ወጪ የለም።

ቁጥሩን እንየው። በዘመናዊ ምድጃ አንድ ኪሎ ክሊንከር ለማቃጠል 800 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃል። ከሰሉ 6,000 ከሆነ ለአንድ ቶን ክሊንከር 133 ኪሎ ያስፈልጋል። አመዱ 15 በመቶ ቢሆን 20 ኪሎ አመድ ይገባል። ከሰሉ 4,000 ከሆነ 200 ኪሎ ያስፈልጋል። አመዱ 30 በመቶ ከሆነ 60 ኪሎ አመድ ይገባል። በእያንዳንዱ ቶን ውስጥ 40 ኪሎ ተጨማሪ ሸክላ መሰል ነገር ገባ ማለት ነው። ኬሚስቱ አስቀድሞ ካወቀ ችግር የለም። የኖራ ድንጋዩን ከፍ አድርጎ ያካክሰዋል። ችግሩ ዛሬ 20 ነገ 60 ሲሆን ነው። ያኔ የኖራው ልክ ይዛባል፣ ክሊንከሩ ወይ ሳይበስል ይወጣል ወይ ያርራል፣ ሲሚንቶው ጥንካሬው ይወርዳል።

ለዚህ ነው ወጥነት ከካሎሪ ይበልጣል ያልኩት። 4,500 እና 25 በመቶ አመድ ያለው፣ ግን በየቀኑ ያው የሆነ ከሰል፣ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ጥሩ ከሰል ነው። ከአምስት አቅራቢ የሚገዛ ፋብሪካ ደግሞ መፍትሔው ማደባለቂያ ሜዳ ነው። መኪናው እንደመጣ ወደ ክራሸር አይላክ። በረጅሙ ንጣፍ በንጣፍ እየተከመረ በአግድም ይቆረጥ። ቦታና ሎደር ይጠይቃል፣ ግን ከውጭ ምንዛሪ ይረክሳል።

ድኙም እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ከምድጃው ይተንና ቀዝቀዝ ያለው የማሞቂያ ማማ ውስጥ ከፖታስየምና ከሶዲየም ጋር ተጣብቆ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። መተላለፊያው ይጠባል። ከዚያ ምድጃውን ማቆም፣ ሰው ማስገባትና የተጋገረውን መፈልፈል ነው። አንድ ቀን መቆም ከርካሹ ከሰል ያተረፉትን ይበላዋል።

ቦይለር ያለው ሰው

ለጨርቃጨርቅ፣ ለቢራ፣ ለዘይትና ለሳሙና ፋብሪካ ጉዳዩ ይለያል። የሚያስፈልገው እንፋሎት ነው። በከባድ ነዳጅ ዘይት የሚሠራ ቦይለር ወደ ከሰል ይቀየር ወይ የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳል። መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ሂሳብ ይሥሩ እላለሁ። አነስተኛ ቦይለር ከሆነና መስመሩ የማይቆራረጥበት የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉ ኤሌክትሪክ ጣጣው ትንሽ ነው። አመድ የለ፣ ጭስ ማውጫ የለ፣ ከጎረቤት ጋር ጭቅጭቅ የለ። መብራቱ በየቀኑ የሚሄድበት ቦታ ከሆኑ ግን ይህን ምክር ይርሱት።

ከሰል ከመረጡ፣ ከካሎሪው በፊት አመዱ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ ይጠይቁ። ቀድሞ የሚቀልጥ አመድ ብረት ዘንጎቹ ላይ እንደ ጠጠር ይጋግራል፣ አየር ይዘጋል። ይህን ቁጥር ሻጭ በራሱ አያመጣልዎትም። እርስዎ ነዎት ላብራቶሪውን የሚጠይቁት።

ቡና አገር ከሆኑ፣ ጅማ ወይም ሲዳማ እንበል፣ የቡና ገለባ ከከሰል ጋር ይወዳደራል። ሲደርቅ በኪሎ ወደ 4,000 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፣ ከጥሬው ከሰላችን ብዙ አይርቅም። ድኝ የለውም ማለት ይቻላል። ቀላል ስለሆነ ግን መኪናው ሳይከብድ ይሞላል። ከመቀሸሪያው ብዙ ኪሎ ሜትር ከራቀ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። አመዱ ፖታስየም ስለሚበዛበት ቶሎ ይቀልጣል። ወቅታዊም ነው። ስለዚህ ብቻውን ሳይሆን ከከሰል ጋር እያደባለቁ ቢያነዱት ይሻላል።

የአፋሩ ፕሮሶፒስም አማራጭ ነው። መሬቱን ወርሮ የግጦሽ ቦታ ያሳጣ ቁጥቋጦ ስለሆነ ተቆርጦ ለሲሚንቶ ምድጃ ቢነድ ሁለት ጥቅም ይመስላል። ደረቅ እንጨቱ 4,500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ሥሩ ነው። ከላይ ብቻ የተቆረጠ ፕሮሶፒስ ብሶበት ይመለሳል። ገዢው ሥሩ መነቀሉን በውሉ ካላስገባ አገሩን አልጠቀመም።

አገር ስትመርጥ

ከሰል ለመብራት? ለእኛ አይመስለኝም። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2024 8.8 ቢሊዮን ቶን ገደማ አንድዷል፣ ከግማሽ በላዩ ቻይና ውስጥ ነው። ደቡብ አፍሪካ መብራቷ በአብዛኛው ከከሰል ነው። እነሱ ሲጀምሩ ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም። የከሰል ዘመንን የጀመረችው እንግሊዝ የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2024 ዘግታለች። እኛ ጋ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ውሃ ያለው ሰው አመድ የሚያጓጉዝበት ምክንያት የለም። ድርቅ ሲመጣስ ይባላል። ልክ ነው፣ ግን የዚያ መልስ ንፋስ፣ ፀሐይና የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ነው።

ለብረት? የብረት ማቅለጫ ኮክ የሚሠራው ከልዩ የቢቱሚነስ ዓይነት ነው፣ የእኛ በአብዛኛው አይሆንም። ፋብሪካዎቻችን ደግሞ ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ነው የሚያቀልጡት። ይለፍ።

ለማዳበሪያ የሚለው ግን ታሪክ አለው። ያዩ ላይ ከሰልን ወደ ጋዝ ቀይሮ ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ተጀምሮ ነበር። ሥራው ለመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጠ፣ ዓመታት ተጓተተ፣ ሳያልቅ ቀረ። ከከሰል ዩሪያ መሥራት ይቻላል፣ ቻይና አብዛኛውን አሞኒያዋን የምትሠራው ከከሰል ነው። ግን ከሰሉን መጀመሪያ ወደ ጋዝ መቀየር፣ ከአመዱ ማጽዳት፣ ድኙን ማውጣት አለ። የተፈጥሮ ጋዝ ያንን ሁሉ ደረጃ ይዘላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃው የሶማሌ ክልል ጋዝ ነው፣ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለማምረት ነው የታቀደው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ጋዙን እመርጣለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። ያዩ ላይ ከከሰሉ በላይ ያለው የጫካ ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። የአረቢካ ቡና የዱር ዘር ያለበት ጫካ ነው። ከሰል ሌላ ቦታ ይገኛል።

ስለዚህ ለእኛ አገር ከሰል ዋና ቦታው ሲሚንቶ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ኖራና ሴራሚክ። ከሲሚንቶ የሚወጣው የካርቦን ጋዝ ደግሞ 60 በመቶው ከኖራ ድንጋዩ ራሱ ነው፣ 40 በመቶው ገደማ ከነዳጁ። ከሰሉን በሌላ ብንተካ እንኳ ትልቁ ድርሻ አይጠፋም። ይህ ማዕድን ማውጣቱን ንጹህ አያደርገውም። ዳውሮና ኮንታ ተዳፋት አገር ነው፣ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ከነዝሆኖቹ እዚያው ነው። ጉድጓዱን ሳይሞላ የሚሄድ ባለፈቃድ ያተረፈው ከገበሬው መሬት ላይ ነው።

ቤት ውስጥ

የድንጋይ ከሰል ቤት ውስጥ አያንድዱ። በቃ። ርካሽ ነው ብሎ የሚያመጣልዎት ሰው ካለ ይመልሱት። ድኝ ያለው ጭስ ቤት ውስጥ መውጫ የለውም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ የምድጃ ጭስ ለአምስት ቀን ከተማዋ ላይ ተኝቶ በሺዎች ገድሏል። በቻይና ጉይጁ ክፍለ ሀገር ደግሞ በርበሬና በቆሎ በከሰል ጭስ ያደረቁ ቤተሰቦች በፍሎራይድና በአርሴኒክ ተመርዘዋል።

የእንጨት ከሰሉስ? ሙቀቱ ጥሩ ነው፣ በኪሎ 7,000 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። ግን በባህላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ለማግኘት ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ክፍል ዘግቶ ማሞቅ ደግሞ ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። መብራት ካለ ለእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ለወጡ የኤሌክትሪክ ምድጃ። ለቡናው ከሰሉን ጥቂት ይዘው መስኮት ይክፈቱ፣ ያንን ማንም አይከለክልዎትም።

ግቢ ውስጥ ሲከምሩና ሲዋዋሉ

የአገር ውስጥ ከሰል ዝም ብሎ ተከምሮ ራሱን ያነዳል። ክብሪት አያስፈልገውም። ያልበሰለ ከሰል ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ እያለ ይሞቃል፣ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ይጨሳል። ስለዚህ ክምሩን ከፍ አያድርጉት። በሎደር እየረገጡ አየሩን ያስወጡት። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። ረጅም ቴርሞሜትር ወደ ውስጥ እየከተቱ በየጊዜው ይለኩ። 60 ዲግሪ ካለፈ ያንን ቦታ ቆፍረው ያውጡት፣ ይበትኑት፣ ቀድሞ ወደ ምድጃ ይላኩት። ከላይ ውሃ ማርከፍከፍ ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ክምችት ይያዙ፣ ግን ክምሩ የሚቋቋመውን ያህል ብቻ። የሦስት ወር ሊግናይት ገዝቶ ግማሹን በእሳት የሚያጣ ሰው ከዋጋ ጭማሪ አላመለጠም።

ውሉ ላይ እነዚህን ያስገቡ። ዋጋው በደረሰበት ሁኔታ በተለካ ካሎሪ ይሁን፣ 4,500 መነሻ ከሆነ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ካሎሪ መጨመርና መቀነስ ስንት ብር እንደሆነ ይጻፍ። ከተስማማችሁበት እርጥበት በላይ ያለው ከክብደቱ ይቀነስ። ሚዛኑ የእርስዎ ከሆነ ሻጩ ሰው ያቁም፣ የእሱ ከሆነ እርስዎ ያቁሙ። ሲለያዩ የታሸገው ሦስተኛ ናሙና የት ላብራቶሪ እንደሚሄድና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይታወቅ። በመጨረሻም አመዱ ስንት በመቶ ሲደርስ መኪናው ሳያራግፍ እንደሚመለስ፣ የመመለሻውን ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ሻጩ ለሌላው ሁሉ እሺ ብሎ በዚህ አንቀጽ ላይ ከተከራከረ ከሰሉን ከእርስዎ በተሻለ ያውቀዋል ማለት ነው፣ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።